እግሩን ቢነጠቅ በትከሻው የተወዳደረ ጀግና

ማለዳ ከየካ ወደ እንጦጦ ዳገት የሚወጡ ሯጮችን ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ልምድ ያለው ሯጭ ዳገቱ ቢከብደውም ትከሻው ወደ ጆሮው አይወጣም። ጀማሪው ግን ገና ድካም ሲጀምረው ትከሻውን ይሰቅላል፣ አንገቱ ይገተራል፣ ትንፋሹም ያጥረዋል። ለትክክለኛው አሯሯጥ አብነት ይጠራ ከተባለ ደግሞ ከሻምበል አበበ ቢቂላ የሚቀድም የለም።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ክቡር ዘበኛ ከገባ በኋላ ከእንጦጦ ጀርባ ካለው የሱሉልታ ከፍታ ወደ አዲስ አበባ እየሮጠ ይመላለስ ነበር። በኋላም ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አሰለጠነው።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ያን ቀን ዓለም ያየው ባዶ እግሩን ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ግን ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው በ2፡12፡11 በድጋሚ አሸነፈ። የዚያን ውድድር ፊልም ያየ ሰው አይረሳውም፦ ጭንቅላቱ ቀጥ፣ ትከሻው እኩል፣ ከወገብ በላይ የሚሮጥ ሰው አይመስልም። ሲጨርስም ሜዳው ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ተመልካቹ ጉድ አለ!

ደስታው ግን አልዘለቀም። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ በጉዳት 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ አቋረጠ። መጋቢት 13 ቀን በዚያው ዓመት ደግሞ በኮተቤ በኩል አልፎ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሸኖ አካባቢ፣ ሲነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠች። አንገቱ ተጎዳ፣ እጅና እግሩ አልታዘዝ አለው። ወደ እንግሊዙ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተላከ። እዚያ ስምንት ወር ገደማ ታከመ። እጆቹ ቀስ በቀስ ተመለሱ፣ እግሮቹ ግን እንደወጡ ቀሩ።

በዚያ ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የአከርካሪ ጉዳተኞችን ቀስት ውርወራ ያስተምሩ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቆሞ የሚወረውር ሰው ክብደቱን በሁለት እግሩ ላይ ያሳርፋል። ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ግን ሚዛኑን የሚጠብቀው በትከሻና በጀርባው ነው። ደጋኑን የያዘው ትከሻ ከተሰቀለ ክንዱ ይንቀጠቀጣል፣ ፍላጻው ይስታል። ትከሻው ዝቅ ብሎ ከጸና፣ አውታሩም በጀርባ ጡንቻ ከተሳበ፣ ፍላጻው ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

አበበ ይህን ከባዶ ጀምሮ ተማረ። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ በእንግድነት ተጋብዞ ሄዶ፣ አርፎ መቀመጥ ሲችል ውድድር ገባ፤ በበረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ሸርተቴም አሸነፈ።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በጭንቅላት ደም መፍሰስ አረፈ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ። ስሙ ሲነሳ ሁሌም የሚወራው ባዶ እግሩ ነው። ይሁን እንጂ እግሩ ከከዳው በኋላ ያሳየው ወኔ ከሮም ድሉ አያንስም።