የማላጋው የዕፀዋት ሊቅ እና «የወፍ እግር»

በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን አፍሪካ፣ በዛሬዋ አልጄሪያ በቢጃያ አካባቢ ይኖር የነበረ አንድ የበርበር ጎሣ ለምጽን የሚፈውስ መድኃኒት በማወቁ ስመ ጥር ነበር። ሕሙማን ከየአገሩ ይጎርፉለታል፤ የተክሉን ማንነት ግን ከአባት ወደ ልጅ በምሥጢር ያስተላልፍ ነበር እንጂ ለባዕድ አይገልጥም ነበር። ምሥጢሩ ውሎ አድሮ ወጣ፤ በመጽሐፍ አስፍሮ ለትውልድ ካቆዩትም አንዱ ዲያእ አል-ዲን ኢብን አል-በይጣር ነው።

ስሙ በዐረብኛ የእንስሳት ሐኪም ልጅ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1197 ገደማ በአንዳሉስ፣ በማላጋ ተወለደ። በሴቪሊያ ከአቡ አል-ዐባስ አል-ነባቲ ዘንድ ዕፀዋትን መለየት ተማረ። በ1220 ገደማ አገሩን ለቆ በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ዕፅ እየሰበሰበ ወደ ምሥራቅ ተጓዘ። በግብፅ ሱልጣን አል-ካሚል የዕፀዋት ባለሙያዎች አለቃ አድርጎ ሾመው።

ዋና ሥራው አል-ጃሚዕ ወደ 1,400 የሚጠጉ መድኃኒቶችንና ምግቦችን በፊደል ተራ ይዘረዝራል። የዲዮስቆሪደስንና የጋሌንን ቃል ከራሱ ምልከታ ጋር ያስተያያል፤ አንዱን ተክል በዐረብኛ፣ በግሪክ፣ በበርበርና በአንዳሉስ ሕዝብ አነጋገር ይጠራዋል። ይህ ጌጥ አልነበረም፤ የስም መምታታት በሽተኛ ይገድላልና።

የቢጃያውን ተክል በበርበርኛ ስሙ አጥሪላል ብሎ መዝግቦታል፤ ትርጉሙ የወፍ እግር ነው። ዘሩ ተፈጭቶ በማር ይለወስና ለሕመምተኛው ይሰጣል። ከዚያም ሕመምተኛው ነጣ ያለውን ገላውን ገልጦ በብርቱ ፀሐይ አንድ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ቆዳው ውሃ ይቋጥራል፤ ቁስሉ ሲደርቅም ቀለሙ መመለስ ይጀምራል። ብልሃቱ ያለው ከዘሩ ብቻ ሳይሆን ከፀሐዩም ጭምር መሆኑን ልብ ይሏል። ያለ ልክ የተወሰደ እንደሆነ ግን ያው ዘር ገላን ክፉኛ ያቃጥላል።

ኢብን አል-በይጣር በ1248 በደማስቆ አረፈ። ሰባት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1940ዎቹ፣ የግብፅ ተመራማሪዎች ከዚሁ ዘር ቆዳን ለብርሃን ስሱ የሚያደርገውን ሜቶክሳለን የተባለ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ የካይሮው የቆዳ ሐኪም አብዱል ሙንዒም አል-ሙፍቲም ለምጽ ላለባቸው ሕሙማን ከፀሐይ ብርሃን ጋር ይሰጠው ጀመር።