ሙሴ ኢልግ፦ ጫማ የሰፋው መሐንዲስ

በዲፓርትመንታችን ሁሌ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ የእጅ ሙያ ለሚማር ሰው ሒሳብ ምን ያደርግለታል የሚል። እኔ መልሱን ያገኘሁት በአፄ ምኒልክ ዘመን ከነበረው ከስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ሕይወት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ኢልግ በ1854 ተወለደ። ዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምህንድስና ተምሮ በ1879 ከሁለት የእጅ ባለሙያ የአገሩ ልጆች ጋር ሸዋ ገባ፤ ምኒልክ ገና ንጉሠ ሸዋ ነበሩ። እንደሚነገረው ንጉሡ መጀመሪያ ያዘዙት ማሽን አልነበረም፤ ጫማ ነበር! ኢልግም መሐንዲስ ነኝ ብሎ አልተኩራራም፤ ሰፍቶ አቀረበ። ቀጥሎ ጠመንጃ ታዘዘ፤ ያንንም ሠራ። እጁ አመኔታ አስገኘለት።

ስሌቱ ደግሞ በ1890ዎቹ ታየ። ከእንጦጦ ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት ሲያስገባ፣ ውሃ ሽቅብ መውጣቱ ለብዙዎች ተአምር ሆነ። ነገሩ ግን ሒሳብ ነው፤ ምንጩ ከመድረሻው ከፍ ካለ በመሃል ሸለቆ ቢኖርም ውሃው ይወጣል። በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት ግን 1 አትሞስፌር ገደማ ግፊት ይጨመራል። ይህን ያላሰላ ቧንቧ ያፈነዳል፤ ቧንቧ መግጠም የማይችል ደግሞ ስሌቱ ወረቀት ላይ ይቀርበታል።

እኔ ያደግኩት መርካቶ ሲኒማ ራስ አካባቢ ስለሆነ፣ ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ ሲቆረጥ እያየሁ ነው የኖርኩት። በርሜል ሠሪው የአፉን ስፋት ሦስት እጥፍ ወስዶ ትንሽ ይጨምራል፤ እኛ ፓይ የምንለው እሱን እኮ ነው! ለለመደው መጠን ይበቃዋል። ልክ 50 ሊትር የሚይዝ ሥራልኝ ሲባል ግን ያለ ስሌት ቆርቆሮ ይባክናል፤ ቆርቆሮ ደግሞ ገንዘብ ነው።

ወደ ኢልግ ልመለስ። በ1894 ምኒልክ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ሰጡት፤ በ1897 የመንግሥት አማካሪ አደረጉት። ሐዲዱ ከጅቡቲ የባሕር ጠረፍ ተነስቶ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከ2,300 ሜትር በላይ መውጣት ነበረበት። ይህ በግምት አይሞከርም፤ ዳገቱ በስሌት፣ ብረቱ በእጅ ነው የሚሠራው። ባቡሩ ድሬዳዋ በ1902 ደረሰ፤ ከዚያ በገንዘብ እጦትና በመንግሥታት ፉክክር ሥራው ተጓተተ። ኢልግ በ1916 ዙሪክ ሞተ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። እሱ ሳያየው ቀረ፤ ሥራው ግን አልቆመም።

ታዲያ ዎርክሾፕ ስንገባ የሒሳቡን ደብተር ውጭ ጥለነው ባንገባ ይሻላል እላለሁ። ሒሳብ የምንወድም እንደ ኢልግ ጫማ ለመስፋት አንፈር።