ባለ ዲግሪዋ ሜካኒክ

ወይዘሪት ኤሚ ጆንሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 ሀል በተባለችው የእንግሊዝ የወደብ ከተማ ከዓሣ ነጋዴ ቤተሰብ ተወለደች። በሸፊልድ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ አጥንታ ዲግሪዋን ከተቀበለች በኋላ ለንደን ሄዳ በጠበቆች ቢሮ ጸሐፊ ሆነች። ከእኛስ መካከል ከምረቃ በኋላ እንዲህ ያለውን ንጹሕ ወንበር የማይመኝ ማን ነው?

ወንበሩ ግን ለኤሚ አልበቃትም። በ1928 በስታግ ሌን አይሮፕላን ሜዳ መብረር መማር ጀመረች፤ ጥቂት ቆይታም ቱታ ለብሳ ወደ ጥገናው ክፍል ገባች። ዋናው መሐንዲስ ጃክ ሃምፍሪስ ሥራውን ከሥር ከመሠረቱ አስተማራት። የፒስተን ሞተር ሙያ በንባብ ብቻ አይገኝም። ካንዴላ ነቅሎ ማጽዳት፣ የቫልቭ ክፍተት መለካት፣ የዘይትና የቤንዚን ማጣሪያ ማጠብ፣ ሲሊንደር ፈትቶ መልሶ መግጠም፣ ይህ ሁሉ እጅ ዘይት እስኪጠግብ የሚደጋገም ነው። መኪና ቢቆም ወርደው ይገፉታል፤ በሰማይ ላይ የቆመ ሞተር ግን የሚገፋው የለም። በ1929 መጨረሻ ኤሚ የአይሮፕላን ጥገና ፈቃድ በማግኘት ከእንግሊዝ ሴቶች የመጀመሪያይቱ ሆነች።

ፈቃዱ የጌጥ ወረቀት አልነበረም። ሜይ 5 ቀን 1930 «ጄሰን» በተባለች ያገለገለች ጂፕሲ ሞዝ አይሮፕላን ብቻዋን ከክሮይደን ተነሣች። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ጉልበቱም የ100 ፈረስ ያህል ብቻ ነበር። ባረፈችበት ሁሉ ሌሎች ሲተኙ እርስዋ ሞተሩን ትመረምር ነበር። በበርማ ኢንሴን ላይ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሜዳ ስታርፍ አይሮፕላንዋ ቦይ ውስጥ ገብታ ተሰበረች፤ የትምህርት ቤቱ መምህራንና ተማሪዎች ተረባርበው ጠገኑላት፤ ለተሰበረው ፕሮፔለር ምትክ የሆነውን ግን አስቀድማ አስባ ከእንግሊዝ ጭና መጥታ ነበር። ሜይ 24 ቀን 18,000 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጣ አውስትራሊያ፣ ዳርዊን ደረሰች። ይህን መንገድ ብቻዋን የበረረች የመጀመሪያይቱ ሴት እርስዋ ናት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር አይሮፕላኖችን ከቦታ ወደ ቦታ ታደርስ ነበር። ጃንዋሪ 5 ቀን 1941 አይሮፕላንዋ በቴምዝ ወንዝ አፍ ላይ ወድቃ በ37 ዓመቷ ሞተች፤ አስከሬኗም አልተገኘም።

በአገራችን ባለ እጅ ቀጥቃጭ እየተባለ ለዘመናት ሲናቅ ኖሯል። የአርትስ ፋኩልቲ ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ ኤሚን ዳርዊን ያደረሳት ዲግሪዋ ሳይሆን ከዲግሪዋ በኋላ ዘይት ለመንካት ያልተጸየፈው እጅዋ መሆኑን ልብ እንበል።