በመንገድ የቀሩት የኢየሩሳሌም ኬሚስት
በሱዳን መንገድ የቀሩትን ለማሰብ በየዓመቱ ወደ ሄርዝል ተራራ የሚወጡ ሽማግሌዎች ጊቫት ራምን ሳያውቁት አይቀሩም፤ ከተራራው ወደ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢኬድ ነው። እዚያ ባለው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚሰጠውን የፊዚካል ኬሚስትሪ ትምህርት የመሠረቱት ፕሮፌሰር ላዲስላውስ ፋርካስም በመንገድ የቀሩ ሰው ናቸው።

ፋርካስ እ.ኤ.አ. በ1904 በዛሬዋ ስሎቫኪያ ተወለዱ። ቪየናና በርሊን ተምረው የታዋቂው ኬሚስት የፍሪትዝ ሐበር ረዳት ሆኑ። ሐበር ከአየር ማዳበሪያ የሚሠራበትን ዘዴ ያገኙ ናቸው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመርዝ ጋዝ ያሰናዱትም እሳቸው ናቸው፣ ያንን ደብቆ ማመስገን አይሆንም።

ላዲስላውስና ወንድማቸው አዳልበርት የያዙት የሃይድሮጅንን ጋዝ ነበር። ሁለት አተሞች ተጣምረው አንድ ሞለኪውል ይሆናሉ። ጥምረቱ ግን እንደ ክራር ክር ይንቀጠቀጣል፤ ብርዱ የቱንም ያህል ቢጠና ንዝረቱ ጨርሶ አይቆምም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ከባዱ ሃይድሮጅን ተገኘ፣ ክብደቱ የተለመደው እጥፍ። ወፍራም ክር ዝግ ብሎ እንደሚንቀጠቀጥ የእሱም ንዝረት ዝግ ያለ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ ብዙ ነገር ይለውጣል፦ ቀላሉ ሃይድሮጅን ንዝረቱ ፈጣን ስለሆነ፣ ከእርከን ላይ ጉዞ እንደሚጀምር ሰው የሚቀረው ዳገት ያንሳል፤ ቶሎ ይላቀቃል። ከባዱ ከሥር ይነሳል፣ ስለዚህ ይዘገያል። ወንድማማቾቹ ይህን በጋዝ ውስጥ ለክተው አሳዩ። በፈሳሽም እንዲሁ ነው፤ ውሃ በኤሌክትሪክ ሲሰነጠቅ ከባዱ ሃይድሮጅን ወደ ኋላ ይቀራል።

በ1933 ናዚዎች አይሁድ ሠራተኞች ይባረሩ ሲሉ ሐበር ሥራቸውን ለቀቁ። ወንድማማቾቹም ወደ ካምብሪጅ ሄዱ። ሐበር በሐይም ቫይዝማን ተጋብዘው ሳለ በ1934 ባዝል ላይ አረፉ፤ ምድረ እስራኤልን ለሥራ አልደረሱባትም። ፋርካስ ደረሱ። በስኮፐስ ተራራ ክፍሉን ከባዶ አቋቋሙ፣ ተማሪ አፈሩ፣ ከሙት ባሕር በሚወጣው ብሮሚን ላይም ሠሩ።

በ1948 ጦርነት ወደ ስኮፐስ ተራራ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። ቤተ ሙከራውም መሣሪያውም እዚያው ቀረ። ተማሪ አለ፣ የሚለካበት የለም። ፋርካስ መሣሪያ ሊገዙ ወደ አሜሪካ ተነሱ፤ በዓመቱ መጨረሻ የተሳፈሩበት አውሮፕላን ተከሰከሰና ሞቱ። ዕድሜያቸው ገና 44 ነበር።

ክፍሉ ግን አልተዘጋም። ዛሬ በጊቫት ራም በሐበር ስም የተሰየመ፣ የሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ የሚመረምር ማዕከል አለ።