በእጁ ሥራ ያላፈረ ሰው

በመተማና በቋራ ቆላ ጥጥ ይበቅላል። ሴቶች ይፈትሉታል፤ ሸማኔ ይሠራዋል፤ ሰው ሁሉ ይለብሰዋል። ነገር ግን በቀድሞ ዘመን ሰው ልብሱን እየወደደ ሸማኔውን ይንቅ ነበር፤ ቆዳ የሚፍቀውንም እንዲሁ ይንቀው ነበር። በሩቅ አገር የኖረው አልበርት ስፖልዲንግ ግን ስሙ ከገነነ በኋላ የቆዳና የልብስ ሥራን አልናቀም።

አልበርት በፈረንጅ ቁጥር በ1850 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ አገር፣ በኢሊኖይ ግዛት፣ ባይረን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ እርሱ ገና ልጅ ሳለ ሞተ። ወደ ሮክፎርድ ከተማ በተላከ ጊዜ ዓይን አፋር ስለ ነበረ ከሜዳው ዳር ተቀምጦ የልጆችን ጨዋታ ይመለከት ነበር። አንድ ቀን ኳስ ወደ እርሱ መጣ፤ በአንድ እጁ ቀልቦ አጥብቆ መለሰው። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ለጨዋታ ጠሩት።

ጨዋታው ቤዝቦል ይባላል። የእኛ ገና በዱላና በሩር እንደሚሆን ይህም በዱላና በኳስ ይሆናል። አንዱ ኳሱን ይወረውራል፤ ሌላው በዱላ ይመታል፤ የቀሩት ይቀልባሉ። አልበርት በመወርወር ስመ ጥር ሆነ፤ ቦስተን የሚጫወትበት ቡድንም ከ1872 እስከ 1875 ዓ.ም. በየዓመቱ አሸነፈ።

በዚያ ጊዜ ተጫዋቾች ጠንካራውን ኳስ በባዶ እጅ ይቀልቡ ነበር። መዳፋቸው ቢቆስል፣ ጣታቸው ቢሰበር እንኳ ጓንት ማድረግን እንደ ፈሪነት ይቈጥሩት ነበር። በ1875 ዓ.ም. አንድ ተጫዋች ጓንት ቢያደርግ፣ ከማፈሩ የተነሣ እንዳይታይበት የሰው ገላ የሚመስል ቀለም መረጠ። አልበርት ይህን በልቡ ያዘ። በ1877 ዓ.ም. እርሱ ራሱ ከሩቅ የሚታይ ጥቁር ጓንት አድርጎ ሜዳ ገባ። ሌሎችም የገነነውን ሰው አይተው ቀስ በቀስ ማፈራቸውን ተዉ።

አስቀድሞ በ1876 ዓ.ም. ከወንድሙ ከዋልተር ጋር እናታቸው በሰጠቻቸው 800 ዶላር በሺካጎ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ኳስ፣ ዱላ፣ ጓንትና የተጫዋቾች ልብስ ይሸጥ ጀመር። ጓንቱ ለገበያው ጠቀመው፤ የብዙዎችንም እጅ ከቁስል አዳነ። ብዙም ሳይቆይ ጨዋታውን ትቶ ወደ ሥራው ዞረ።

በ1889 ዓ.ም.፣ በእኛ ቁጥር በ1881 ዓ.ም. የካቲት፣ ተጫዋቾችን ይዞ ዓለምን ሲዞር በግብጽ ፒራሚዶች አጠገብ አጫወታቸው። አፄ ዮሐንስ በመተማ ጦርነት የወደቁት በተከታዩ ወር ነው። አልበርት በ1915 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ሞተ።

የወረወረው ኳስ ጥንት ወድቆ ቀርቷል፤ ዛሬ ግን ያለ ጓንት የሚቀልብ የለም። ልብስ ለብሶ ሸማኔውን መናቅ፣ እንጀራ በልቶ የጋገረችውን እንደ መናቅ ነው። የሚያሳፍር ሥራ ፈትነት እንጂ ሥራ አይደለም።