ሎሬት ጸጋዬ ገብረመድኅን፤ አንድን ታሪክ ደግመው ደጋግመው የጻፉ ባለቅኔ

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በፋሽስት ኢጣሊያ ጥይት ተደብድበው መሥዋዕት ሆኑ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ነሐሴ 11 ቀን፣ በአምቦ አቅራቢያ በምትገኘው ቦዳ አንድ ሕፃን ተወለደ። ይህ ሕፃን አድጎ የአቡኑን የመጨረሻ ሰዓት በግጥምም በተውኔትም የጻፈው ሎሬት ጸጋዬ ገብረመድኅን ነው።

ከሐዋሳ እስከ አዲስ አበባ ለሲኒማም ሆነ ለመድረክ የሚጽፉ ወጣቶች ድርሰታችሁን እንደገና ጻፉት ሲባሉ ብዙውን ጊዜ የሚታያቸው ቃላት ማረምና ንግግር ማሳመር ነው። የሎሬት ጸጋዬ የሥራ ዘመን ግን ድርሰትን እንደገና መጻፍ ከዚህ የከበደ ሥራ መሆኑን ያሳያል።

ሎሬት ጸጋዬ ከኦሮሞ አባትና ከአንኮበር ከመጡ እናት ተወልደው ሁለቱንም ባህል እየቀሰሙ፣ ግዕዝና ቅኔም እየተማሩ አደጉ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜያቸው መጀመሪያ ላይ በንጉሥ ዳዮኒስዮስ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ተውኔት ጽፈው ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ለማሳየት በቅተዋል። በ1951 ዓ.ም. በአሜሪካ ቺካጎ በሕግ ትምህርት ተመረቁ። ይሁን እንጂ ልባቸው ከሕጉ ይልቅ ወደ መድረክ ያዘነብል ስለነበር ወደ ለንደኑ ሮያል ኮርትና ወደ ፓሪሱ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ተጉዘው የቴአትርን ጥበብ አጠኑ። ወደ አገራቸው እንደተመለሱም በቀዳማዊ ኃይለሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በኃላፊነት ሠርተዋል። በ1958 ዓ.ም. በ29 ዓመታቸው በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ።

«ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የአጻጻፋቸውን ብልሃት ከማናቸውም ሥራቸው በላይ ይገልጻል። የአቡነ ጴጥሮስን ሕይወት በቅደም ተከተል ለመተረክ የሚነሳ ሰው ከሰላሌ ይጀምራል። ወደ ገዳማት ያልፋል፤ በ1921 ዓ.ም. በግብፅ ጵጵስና ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ መሆናቸውንም ያወሳል። ወደ ወረራው ዘመን እስኪደርስ ግን ተመልካቹ ይደክማል። ሎሬት ጸጋዬ ይህን ሁሉ ትተው አንዲት ሰዓት ብቻ መረጡ። ያለፈው ዘመን ከመድረኩ አልጠፋም፤ ነገር ግን የሚመጣው ሞት የተፈረደበት ሰው ሲያስታውሰው ነው። በዚህም የትውልድ መንደርና የልጅነት ዘመን ትዝታ እንደ መግቢያ መረጃ መሆኑ ቀርቶ ሊያጡት የተቃረቡት ነገር ይሆናል። በፊልም ወደኋላ መመለስ የሚባለው ስልት የሚሠራውም ሆነ የሚያሰለቸው በዚህ ልዩነት ነው።

ሌላም አለ። አቡነ ጴጥሮስን የማይፈራ፣ የማይጠይቅ፣ ከድንጋይ የተቀረጸ ጀግና አድርጎ ማቅረብ ቀላል ነበር። ሎሬት ጸጋዬ ግን አቡኑን ወደ እመብርሃን አቤቱታ የሚያቀርቡ፣ ስለ አገራቸው የሚያለቅሱና የሚሟገቱ ሰው አደረጓቸው። ጳጳሱ ለአፍታ ልጅ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ የሚሰጡት ውሳኔ ተመልካቹን የሚነካውም ውሳኔው ምን ያህል እንዳስከፈላቸው አስቀድሞ ስላየ ነው።

የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ደግሞ ሌላ ፈተና ነበረው። ሎሬት ጸጋዬ «ቴዎድሮስ»ን በመጀመሪያ የጻፉት በእንግሊዝኛ ሲሆን በ1950ዎቹ አጋማሽ ለመድረክ በቅቷል። በደርግ ዘመን ደግሞ በአማርኛ ወደ መድረክ መለሱት። ሁለቱ ተመልካቾች አንድ አይደሉም። በእንግሊዝኛ ለሚከታተል የውጭ አገር ሰው የካሣ ኃይሉን ማንነትና የዘመነ መሳፍንትን ሁኔታ ማስረዳት ያስፈልጋል። የአማርኛው ተመልካች ግን ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ የሚያዝያ 1860 ዓ.ም.ን የመቅደላ ፍጻሜ በሚገባ ያውቃል፤ ግርማቸው ተክለሐዋርያትም ቀደም ብለው በዚሁ ንጉሥ ላይ ተውኔት ጽፈዋል። እንዲህ ባለው ተመልካች ፊት ልብን ሊሰቅል የሚችለው ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ሳይሆን ስለምን ሆነ የሚለው ነው።

በ1966 ዓ.ም. የለውጥ ማዕበል የወጣው «ሀሁ በስድስት ወር» ሕዝብ በብዛት ያየው ተውኔት ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ ደግሞ «ሀሁ ወይም ፐፑ» ቀረበ። ከፊደል ገበታው መጀመሪያ ተነስቶ በመጨረሻው ፊደል አጠገብ የቆመው ይህ ርዕስ ባለቅኔው ወደ ቀድሞ ጥያቄያቸው መመለሳቸውን ይመሰክራል። ጥያቄው ግን በመካከሉ ባለፈው ደም የተነሳ ሌላ መልክ ይዞ ነበር።

የሼክስፒርን «ኦቴሎ»፣ «ማክቤዝ» እና «ሐምሌት» ወደ አማርኛ ሲመልሱም የቋንቋው አጥንት ድረስ ወርደዋል። የተለመደው የወል ቤት ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል። ሎሬት ጸጋዬ በስማቸው የጸጋዬ ቤት በተባለው አካሄድ ሐረጉን ወደ ስምንት ቀለም አሳደጉት። ሁለት ቀለም መጨመር ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ተዋናዩ ረዘም ያለ ሐሳብ በአንድ ትንፋሽ እንዲሸከምና ቁጣውም ሆነ ኀዘኑ ሳይቆራረጥ እንዲወጣ ቦታ ሰጥቷል።

በዘመናቸው አንድ ተውኔት መድረክ ከማየቱ በፊት በሳንሱር እጅ ያልፍ ነበር። እንደገና ጻፍ የሚለው ቃልም አንዳንዴ የጥበብ ምክር ሳይሆን ትእዛዝ ነበር። በንጉሡም በደርግም ጊዜ ሥራዎቻቸው ታግደዋል። ለአጭር ጊዜ በምክትል ሚኒስትርነት ያገለገሉበት መንግሥትም አስሯቸዋል። በትእዛዝ የሚደረግ እርማት አብዛኛውን ጊዜ ድርሰቱን ያለሰልሰዋል፤ እርሳቸው በራሳቸው ፈቃድ ያደረጉት ግን ያጠነከረው ነው። የኖርዌይ ደራስያን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 የሐሳብን በነፃነት የመግለጽ ሽልማት የሰጣቸውም ለዚህ ጽናታቸው ነበር።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል እንዲቋቋም ካደረጉት አንዱ ሲሆኑ፣ የዛሬው የአፍሪካ ኅብረት መዝሙር ግጥምም የእርሳቸው ነው። በ1990 ዓ.ም. ለኩላሊት ሕክምና ወደ ኒውዮርክ ሄዱ። በዚያው ከተማ የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. አረፉ። አስከሬናቸው ወደ አገራቸው መጥቶ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብሯል።