የኤድጋር ኮድ አጭር የሕይወት ታሪክ

በኮምፒዩተር ትምህርት ሰዓት አንድ ነገር ያስቸግረኝ ነበር፤ ይኸውም ብዙ ሰንጠረዦች ባሉበት የመረጃ ቋት ውስጥ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደ ተያያዘ ማወቅ ነው። መልሱን ስፈልግ የኤድጋር ኮድን ታሪክ አገኘሁ።

ኤድጋር እ.ኤ.አ. በ1923 በእንግሊዝ አገር በፖርትላንድ ደሴት ተወለደ። በኦክስፎርድ ሒሳብና ኬሚስትሪ ተማረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በአውሮፕላን ነጂነት አገለገለ። በ1948 ወደ አሜሪካ ሄዶ በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ተቀጠረ። በ1953 ግን ሴናተር ማካርቲ ሰዎችን በኮሙኒስትነት እየጠረጠረ ማሳደዱ ስላሳዘነው ወደ ካናዳ ሄደ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመለሰ።

በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ መረጃ ሁሉ በሰንጠረዥ እንዲቀመጥ አሳሰበ። ለምሳሌ የተማሪው መለያ ቁጥር በተማሪዎች ሰንጠረዥ ዋና ቁልፍ ነው፤ በውጤት ሰንጠረዥ ሲገባ ግን የውጭ ቁልፍ ይባላል፤ ሁለቱን ሰንጠረዦች የሚያገናኝ እርሱ ነው። ኩባንያው የሚሸጠው ሌላ ዘዴ ስለ ነበረው አሳቡን ቶሎ አልተቀበለውም። ኤድጋር ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ በ1981 የቱሪንግን ሽልማት ተቀበለ።

በ1985 ባወጣቸው ደንቦች የቋቱ ማውጫ ራሱ በሰንጠረዥ ተቀምጦ እንደ ማንኛውም መረጃ እንዲጠየቅ አስገነዘበ። የጥያቄዬ መልስ ይህ ነበር። ግንኙነቱ አስቀድሞ በሥርዓት ከተመዘገበ፥ ማውጫውን ብንጠይቅ የትኛው ሰንጠረዥ በየትኛው ዓምድ ወደ የትኛው እንደሚያመለክት ይዘረዝርልናል።

ኤድጋር ኮድ በ2003 በፍሎሪዳ በ79 ዓመቱ አረፈ። እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ትክክለኛ አሳብ ቶሎ ሰሚ ባያገኝም መተው እንደማይገባ ከእርሱ እንማር።